ዝናብ አጠር ለሆነ የስንዴ ማሳ የትኛው ናይትሮጅን፣ መቼ፣ የት?

ዝናብ አጠር በሆነ መሬት ላይ ስንዴ የሚያመርት ሰው ስለ ናይትሮጅን ማዳበሪያ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ምክር ዝናብ ከማይቸግርበት አካባቢ የመጣ ነው። «በሄክታር ይህን ያህል ዩሪያ፣ ግማሹን ስትዘራ፣ ግማሹን ስንዴው ከፍ ሲል» ይባላል። ዝናቡ በሚታመንበት ቦታ ይህ ምክር ያስኬዳል። ደረቅ መሬት ላይ ግን አንድ ዓመት ጎተራ ይሞላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የማዳበሪያውን ወጪ እንኳ አይመልስም።

ምርጫው ሦስት መልክ አለው። የትኛው ማዳበሪያ? መቼ? የት ይቀመጥ? ብዙ ክርክር የሚሰማው በመጀመሪያው ላይ ነው። አንዱ ዩሪያ ይሻላል ይላል፣ ሌላው አሞኒየም ሰልፌት። በእኔ እምነት ደረቅ መሬት ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው «መቼ» የሚለው ነው። ስንዴው ምን ያህል ናይትሮጅን እንደሚፈልግ የሚወስነው የሚያገኘው ውሃ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ያ ውሃ በዘር ቀን ገና ከሰማይ አልወረደም። ስለዚህ ውሳኔውን ሳይረፍድ ለማቆየት የሚያስችል አማራጭ ሁሉ ቅድሚያ ይገባዋል እላለሁ። የሚከተለውን ንጽጽር በዚህ ዓይን አንብቡት።

መጀመሪያ ውሃውን አስሉ

ናይትሮጅን ስንዴን ቅጠላም ያደርገዋል። ከአንድ ዘር የሚወጣው ቀንበጥ ይበዛል፣ ማሳው ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያየው ሁሉ ደስ ይለዋል። ቅጠል በበዛ ቁጥር ግን በቅጠሉ በኩል የሚተነው ውሃም ይበዛል። ዝናቡ ቀድሞ ካቆመ ስንዴው አፈሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ገና ዛላ ሳያወጣ ይጨርሰዋል። ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ የሚጠጣው የለም። ዛላው ያለ ጊዜው ይነጣል፣ ፍሬውም ይሟሽሻል። ገለባው ብዙ፣ ምርቱ ትንሽ ይሆናል። የአውስትራሊያ ስንዴ አምራቾች ይህን ጉዳት በደንብ ያውቁታል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ፣ ክብደቱ ግን የቀለለ ፍሬ። እንዲህ ባለ ዓመት ትንሽ ናይትሮጅን ያገኘው ማሳ ብዙ ካገኘው ጎረቤቱ በልጦ ይገኛል።

ውሃን ወደ ምርት፣ ምርትን ወደ ናይትሮጅን የሚቀይር ቀላል ስሌት አለ። ፍሬንች እና ሹልትዝ የተባሉ የደቡብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1984 ያወጡት ነው። ስንዴው በዕድገቱ ዘመን ከሚያገኘው ውሃ ላይ ከአፈሩ ፊት በቀጥታ ለሚተነው 110 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። ከቀሪው በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውሃ በሄክታር እስከ 20 ኪሎ ግራም ፍሬ ሊገኝ ይችላል። ይህ ጣሪያው ነው። አረም፣ ዋግ፣ የዘር መዘግየትና ያለ ጊዜው የመጣ ሙቀት ሁሉ ከዚህ ላይ ይቀንሳሉ። ቁጥሮቹም እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ሁኔታ ይለያያሉ። ቢሆንም እጅ ላይ የሚይዙት መነሻ ይሆናል። ከጣሪያው 70 በመቶውን ማሰብ ለጥንቁቅ አምራች ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ናይትሮጅኑ። የስንዴ ፕሮቲን የሚሰላው የፍሬውን ናይትሮጅን በ5.7 በማብዛት ነው። ስለዚህ 12 በመቶ ፕሮቲን ያለው ስንዴ 2.1 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ይዟል። አንድ ቶን ፍሬ 21 ኪሎ ናይትሮጅን ከማሳው ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ሰብሉ ከሚቀርብለት ናይትሮጅን ፍሬው ውስጥ የሚገባው ግማሽ ያህሉ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቶን ምርት 40 ኪሎ ናይትሮጅን መኖር አለበት ብሎ ማስላት የተለመደ ነው። ይህ 40 ኪሎ አፈሩ ራሱ የሚያቀርበውንም ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በዘር ቀን አፈሩ ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር እርጥበት አለ እንበል። የአፈር ምርመራው ደግሞ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 40 ኪሎ ናይትሮጅን አሳየ። ከኦርጋኒክ ቅሪት መበስበስ በወቅቱ ሌላ 14 ኪሎ እንደሚገኝ እንገምት። አፈሩ የሚያቀርበው በድምሩ 54 ኪሎ ሆነ።

ዝናቡ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጠቅላላ ውሃው 260 ነው። 110 ሲቀነስ 150፣ በ20 ሲባዛ 3,000 ኪሎ። 70 በመቶው 2,100 ኪሎ፣ ማለትም 21 ኩንታል በሄክታር። የሚያስፈልገው ናይትሮጅን 84 ኪሎ ነው። አፈሩ 54 ስላለው የሚጎድለው 30 ኪሎ ነው። ይህም 65 ኪሎ ዩሪያ ነው።

ዝናቡ 120 ብቻ ቢሆንስ? በዚሁ ስሌት ምርቱ 980 ኪሎ ይሆናል። የሚያስፈልገው 39 ኪሎ ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ አለ። ማዳበሪያ አያስፈልግም።

ዝናቡ 260 ቢደርስ ደግሞ ምርቱ 2,940 ኪሎ፣ የሚጎድለው ናይትሮጅን 64 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ወደ ዩሪያ ሲቀየር 139 ኪሎ።

ያው ማሳ፣ ያው አፈር፣ ያው ዘር ነው። ትክክለኛው መልስ ግን ከዜሮ እስከ 139 ኪሎ ዩሪያ ይለያያል። ይህን ልዩነት የትኛውም የማዳበሪያ ዓይነት ሊሸፍነው አይችልም። በዘር ቀን ሁሉንም አፍስሶ የሚጨርስ ሰው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ተወራርዷል።

ስለ አፈር ምርመራው ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ የላዩን 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወስዶ ማስመርመር ለናይትሬት አይበቃም። ዝናብ በማይበዛበት ቦታ ናይትሬት አብዛኛውን ጊዜ ታጥቦ አይጠፋም፤ ከሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ስለዚህ ናሙናው ከ0 እስከ 30 እና ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተለይቶ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የተጻፈው «ናይትሬት» ተብሎ ነው ወይስ «የናይትሬት ናይትሮጅን» ተብሎ? ናይትሬት ከሆነ በ4.4 ማካፈል ያስፈልጋል። ይህን ያላየ ሰው አፈሩ ከአራት እጥፍ በላይ ሀብታም ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ በአንድ ኪሎ አፈር 1 ሚሊ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን በ30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በሄክታር 4 ኪሎ ያህል ነው።

መቼ? የእናንተ ደረቅ መሬት የትኛው ነው?

ደረቅ መሬት ሁሉ አንድ አይደለም። ለዚህ ምርጫ ሁለት ቦታ መክፈል ይበቃናል።

አንደኛው፣ ስንዴው በማሳ ላይ እያለ በሚጥለው ዝናብ የሚበቅልበት ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ አገሮችና የደቡብ አውስትራሊያ ስንዴ አካባቢዎች እንዲህ ናቸው። በቀዝቃዛው ወቅት ይዘንባል፣ ፍሬ ሲሞላ ይደርቃል። ሁለተኛው፣ ዝናቡ ከዘር በፊት ዘንቦ አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመበትና ስንዴው ያንን እየጠጣ የሚደርስበት ነው። የሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያና የመካከለኛው ህንድ ጥቁር ሸክላማ አፈሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ለመጀመሪያው ዓይነት ምርጫዬ ግልጽ ነው። በዘር ጊዜ ትንሽ፣ ቀሪው በኋላ። ምርመራው አፈሩ ድሃ ነው ካለ በዘር ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ለመነሻ ይበቃል። ለፎስፈረስ ብላችሁ የምትጨምሩት ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው 100 ኪሎ ዳፕ ብቻውን 18 ኪሎ ያህሉን ይሸፍናል። ቀሪው ስንዴው አገዳ መሳብ እስኪጀምር ይቆያል። ግንዱን ከሥር ስትዳስሱት የመጀመሪያው አንጓ የሚሰማበት ጊዜ ነው። ስንዴው በብዛት ናይትሮጅን የሚወስደው ከዚያ ጀምሮ እስኪያብብ ባለው ጊዜ ስለሆነ አልረፈደም። እስከዚያው ድረስ ደግሞ የወቅቱ መልክ ታይቷል። ስሌቱን በእውነተኛው የዝናብ መጠን እንደገና ሥሩት። ጥሩ ከሆነ ጨምሩ። ዝናቡ ከከዳ ማዳበሪያው በደረቅ መጋዘን ይቆይ። ያልተበተነ ዩሪያ እርጥበት ካልነካው ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።

የመጨረሻው ቅጠል ከወጣ በኋላ የሚጨመር ናይትሮጅን በአብዛኛው ፕሮቲንን እንጂ ምርትን ከፍ አያደርግም። ለፕሮቲን የተለየ ክፍያ ከሌለና ዝናብ እርግጠኛ ካልሆነ እኔ አልመክረውም።

ሁለተኛው ዓይነት መሬት ላይ ግን «በኋላ ጨምር» የሚለው ምክር ራሱ ይጎዳል። ከዘር በኋላ ዝናብ ከሌለ የላዩ አፈር ይደርቃል። ላዩ ላይ የተበተነው ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል። ሥሩ ከታች እርጥበት እየጠጣ ነው፣ ናይትሮጅኑ ከላይ ደረቅ አፈር ውስጥ ታስሯል፤ ሁለቱ አይገናኙም። በእንዲህ ያለ ቦታ ናይትሮጅኑ ከዘር በፊት ወይም በዘር ጊዜ ወደ ጥልቁ መግባት አለበት። ማሳው አርፎ ውሃ በሚያጠራቅምበት ወቅት ቀድሞ የገባ ናይትሮጅን ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ስንዴው በኋላ ውሃውን ሲከተል ምግቡንም እዚያው ያገኘዋል። አደጋው ውሃ የሚተኛበት ሸክላማ መሬት ላይ ነው። አየር ባጣ ረግረግ አፈር ናይትሬት ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። ውሃ ለሚተኛበት ማሳ ቀድሞ ማስገባቱ አይሆንም።

የዚህ መሬት ጥቅም ደግሞ ውሃው በዘር ቀን መታወቁ ነው። ቀጭን የብረት ዘንግ ወደ አፈሩ ግፉ። እርጥብ አፈር ያስገባዋል፣ ደረቁ ጋር ሲደርስ ይቆማል። ሸክላማ አፈር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ለተክል የሚሆን ውሃ ይይዛል። አሸዋማ አፈር ከ5 እስከ 10 ገደማ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የራሰ ሸክላማ አፈር ላይ የሚዘራ ሰውና 60 ሳንቲ ሜትር የራሰ አሸዋ ላይ የሚዘራ ሰው አንድ ዓይነት ማዳበሪያ መጠን ሊኖራቸው አይገባም።

ማሳችሁ ከሁለቱ መካከል ከሆነ፣ የብዙው ሰው እንዲያ ነው፣ በዘር ጊዜ የምታስገቡት በክፉ ዓመት ከምትጠብቁት ምርት ፍላጎት አይለፍ። ከዚያ በላይ ያለው ዝናቡን ይጠብቅ።

ሳይጠቀሙበት የቀረ ናይትሮጅን ሁሉ ጠፋ ማለትም አይደለም። ሸክላማ በሆነና ውሃ በማይተኛበት ደረቅ መሬት ብዙው ለሚቀጥለው ሰብል ይተርፋል። ለዚህ ነው ከድርቅ ዓመት በኋላ አፈር ሳያስመረምሩ ማዳበሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን የሚሆነው። አሸዋማ መሬት ላይ ግን አንድ ከባድ ዝናብ ጠራርጎ ወደ ታች ሊወስደው ስለሚችል በዚህ መተማመን አይቻልም።

የትኛው ማዳበሪያ?

ከሁሉ በፊት ዋጋን በኪሎ ናይትሮጅን አወዳድሩ። በኩንታል ማወዳደር ያሳስታል። 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። 50 ኪሎ አሞኒየም ሰልፌት ውስጥ 10.5 ኪሎ ብቻ ነው ያለው። ማጓጓዣና የበተና ጉልበትም በዚሁ ልክ ይጨምራል።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ከጠጣር ማዳበሪያዎች ሁሉ ብዙ ናይትሮጅን የያዘው እሱ ነው፤ በኪሎ ናይትሮጅን ሲሰላም አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው። ጉድለቱ ላዩ ላይ ሲበተን መትነኑ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። አሞኒያው አፈሩ ውስጥ ካልገባ ወደ አየር ይሄዳል። ኖራ የበዛበት አልካላይን አፈር፣ ሙቀት፣ ንፋስና ማሳ ላይ የቀረ ገለባ ጉዳቱን ያብሳሉ። ሁኔታው ሲከፋ ከተበተነው ውስጥ ሲሶው ወይም ከዚያም በላይ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነገር አለ። ሙሉ በሙሉ በደረቀ አፈር ላይ የተቀመጠ ዩሪያ ብዙ አይተንም፤ ሳይሟሟ ይቆያል። ክፉው ጤዛ ወይም ትንሽ ካፊያ ነው። ዩሪያውን ያሟሟዋል፣ ወደ ታች ግን አያወርደውም። በማግስቱ ፀሐይና ንፋስ ሲመጣ ናይትሮጅኑ ይሄዳል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ጊዜ ይጥላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከዝናቡ ቀድሞ መበተን ነው የሚያዋጣው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ በራሰ መሬት ላይ መበተን ብዙ ሰው የሚያደርገው ቢሆንም፣ ሌላ ዝናብ ካልተከተለው ኪሳራ ነው።

መትነንን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር የተቀባ ዩሪያ ያንን ኤንዛይም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ያቆመዋል። ለዝናብ መጠበቂያ ጊዜ ይሰጣል ማለት ነው። ዋጋው ይጨምራል። አልካላይን አፈር ላይ፣ በሞቃት ወቅት፣ ላይ ላዩን ለመበተን የተገደደ ሰው ቢገዛው አይቆጭም። ዩሪያውን አፈር ውስጥ መቅበር ለሚችል ግን ትርፍ ወጪ ነው።

አሞኒየም ናይትሬት 34 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን አለው። ግማሹ ናይትሬት ስለሆነ ስንዴው ወዲያው ይወስደዋል፤ ላዩ ላይ ሲበተንም እንደ ዩሪያ አይተንም። ዘግይቶ ለመጨመር ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ችግሩ ፈንጂነቱ ነው። በነሐሴ 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የቤይሩትን ወደብ ያወደመው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር። በብዙ አገሮች ሽያጩ የተገደበ ነው። ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር የተቀላቀለውና 27 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ያለው ዓይነት የተሻለ ደኅንነት አለው። አንድ ነገር አደራ፤ አሞኒየም ናይትሬትንና ዩሪያን በደረቁ አትቀላቅሉ። ከአየሩ እርጥበት ስበው ይረጥባሉ።

አሞኒየም ሰልፌት 21 በመቶ ናይትሮጅንና 24 በመቶ ድኝ አለው። ድኝ ለጎደለው አፈር ጥሩ ምርጫ ነው። የድኝ እጥረት የሚታወቀው ከላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች ሲገረጡ ነው። የናይትሮጅን እጥረት ግን ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ይጀምራል። «አሞኒየም ሰልፌት አይተንም» የሚለው አባባል ኖራ በሌለበት አፈር እውነት ነው። ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ግን ከኖራው ጋር ተዋሕዶ እሱም አሞኒያ ያጣል። አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ አሲድነቱን ያባብሳል። ለድኝ ሲባል ትንሽ መጠን፣ ቀሪው በዩሪያ ቢሆን ይሻላል።

ፈሳሽ ማዳበሪያ፣ ማለትም የዩሪያና የአሞኒየም ናይትሬት ውህድ፣ ከ28 እስከ 32 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ግማሹ ከዩሪያ ስለሆነ የመትነን ጠባዩም በግማሹ ይከተለዋል። መርጫ ማሽን ላለው ትልቅ አምራች ይመቻል። እንደ ጉም ተበትኖ ሲረጭ ቅጠል ያቃጥላል፤ በወፍራም ጅረት እንዲወርድ ማድረግ ይመከራል። ቅጠሉ በቀጥታ የሚመጠው ትንሽ ነው። አብዛኛው የሚሠራው አፈር ላይ ወርዶ፣ ያም ዝናብ ሲያገኝ ነው። «ቅጠል ላይ እረጫለሁ፣ ዝናብ አያስፈልገኝም» ብሎ ማሰብ አያዛልቅም።

የአሞኒያ ጋዝ 82 በመቶ ናይትሮጅን አለው። በግፊት ታንክ ተጭኖ በልዩ ማሽን አፈር ውስጥ የሚወጋ ነው። ደረቅና ጓል የበዛበት አፈር ትልሙን ስለማይዘጋው ጋዙ ያመልጣል። ለዓይንና ለሳንባም በጣም አደገኛ ነው። መሣሪያውና ሥልጠናው ከሌለ አይታሰብ።

በፕላስቲክ የተሸፈነ ዩሪያ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። የሚለቀው ግን እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። ደረቅ ወቅት ላይ ዘግይቶ ሊለቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስንዴው አልፎታል። በዝናብ አጠር መሬት ዋጋውን አያወጣም ባይ ነኝ።

የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ደረቅ መሬት የማያሻማ መልስ አለው። ከመበተን መቅበር ይሻላል። በመስመር ተዘርቶ ማዳበሪያው ከዘሩ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎንና 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ሲቀመጥ አይተንም፤ ከገለባ ጋር አይነካካም፤ አረሙንም አይቀልብም። ከገለባ ጋር መነካካቱ የሚያስፈራው የስንዴ ገለባ ካርቦኑ እጅግ የበዛ፣ ናይትሮጅኑ ያነሰ ስለሆነ ነው። ገለባውን የሚያበሰብሱ ረቂቅ ሕዋሳት የጎደላቸውን ከማዳበሪያው ይወስዳሉ። ናይትሮጅኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ ለዘንድሮው ስንዴ ግን አይደርስም።

ከዘሩ ጋር በአንድ ትልም መጨመር ሌላ ጉዳይ ነው። ጉልበት ይቆጥባል፤ ዘር ይገድላል። ዩሪያ ወደ አሞኒያ ሲለወጥ ቡቃያውን ያቃጥላል፤ የማዳበሪያው ጨውነት ደግሞ ዘሩ ውሃ እንዳይስብ ያደርገዋል። አፈሩ በደረቀና አሸዋማ በሆነ መጠን ጉዳቱ ይከፋል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋም በአንዱ መስመር ላይ የሚወርደው መጠን ስለሚበዛ አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ዩሪያን ከዘር ጋር አታገናኙ። ለመነሻ የምትፈልጉት ትንሽ ናይትሮጅን በዳፕ በኩል ይምጣ፤ እሱም በልክ ይሁን።

በመስመር መዝሪያ ከሌለና መበተን ግድ ከሆነ፣ ከዘር በፊት በትኖ ወዲያው በእርሻ ማልበስ ሁለተኛው ምርጫ ነው። «ወዲያው» ስል በዚያው ቀን ማለቴ ነው።

ከከረጢት ውጭ ያሉ ምንጮች

ፍግን ከዩሪያ ጋር በኪሎ ናይትሮጅን ብቻ ማወዳደር ይበድለዋል። ናይትሮጅኑ ትንሽ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀውም ከፊሉን ነው። ለመበስበስ ራሱ እርጥበት ስለሚፈልግ በድርቅ ዓመት ይዘገያል። ዝናብ አጠር መሬት ላይ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ አፈሩ ውሃ እንዲያሰርግና እንዲይዝ ያደርጋል። ውሃ ደግሞ እንዳየነው የስሌቱ መጀመሪያ ነው። በደንብ ያልበሰበሰና ገለባ የበዛበት ፍግ ግን እንደ ገለባው ሁሉ ናይትሮጅን ያስራል። በደንብ አብስሎ ከዘር ቀደም ብሎ ማስገባት ይበጃል። ፍግ ካስገባችሁ የዩሪያውን መጠን ቀንሱ እንጂ ሙሉ በሙሉ አትተዉት።

ከስንዴ በፊት ጥራጥሬ መዝራት በእኔ ግምት ከማንኛውም ከረጢት ይልቃል። ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር ወይም ባቄላ በሥራቸው ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ሆነው በአንድ ቶን ደረቅ አገዳና ቅጠል እስከ 20 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከአየር ይይዛሉ። ከዚህ ውስጥ ብዙው በፍሬው ይወጣል። ገለባውም ለከብት ከተወሰደ የሚቀረው ያንሳል። ስለዚህ «ጥራጥሬ ዘርቻለሁ፣ ናይትሮጅን አያስፈልገኝም» ማለት ከምርመራ በፊት አይሠራም። ነገር ግን ጥራጥሬው ራሱ የአፈሩን ናይትሬት ብዙ ስለማይነካ፣ የስንዴን የሥር በሽታ ዑደትም ስለሚሰብር፣ ተከታዩ ስንዴ በትንሽ ማዳበሪያ ይረካል። ቀድመው የሚደርሱት ምስርና አተር ደግሞ ለተከታዩ ሰብል ከታች እርጥበት ይተዋሉ። ደካማው ጎን ገበያና የአረም ቁጥጥር ነው። እነዚህ ሁለቱ ከተቻሉ ለደረቅ መሬት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ማሳው ራሱ እንዲመልስላችሁ

የአፈር ምርመራ ባይገኝ እንኳ ሁሉም ሊሠራው የሚችል መንገድ አለ። በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለስንዴ አምራቾች በሰፊው ያስተዋወቁት ነው። በዘር ጊዜ በማሳው መካከል አንድ ጠባብ መስመር ላይ ናይትሮጅን በደንብ ጨምሩበት፤ ለጥሩ ዓመት የሚበቃውን ያህል። ቦታውን በችካል ምልክት አድርጉበት። የቀረውን ማሳ በትንሹ መነሻ ብቻ ተዉት። ስንዴው አገዳ መሳብ ሲጀምር ሄዳችሁ አስተያዩ። ጠባቡ መስመር ከሩቅ በአረንጓዴነቱ ከለየ የቀረው ማሳ ተርቧል፤ ዝናብ ከተጠበቀ ጨምሩ። ካልለየ አፈሩ እስካሁን ራሱን ችሏል፤ ማዳበሪያውን አቆዩት።

ይህን ስታዩ ድርቅና ረሃብን አትቀላቅሉ። ናይትሮጅን ያጣ ስንዴ ከታች ካሉት ቅጠሎች ጀምሮ ይገረጣል። ውሃ ያጣው ግን ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ አረንጓዴ ይሄዳል። ለሁለተኛው ዩሪያ መበተን ጉዳቱን ማፋጠን ነው።

ሌላው ምስክር ከአጨዳ በኋላ የሚገኘው ነው። ከቻላችሁ የፍሬውን ፕሮቲን አስለኩ። እንደ ዝርያው ቢለያይም፣ ለዳቦ በሚሆን ስንዴ ከ11 በመቶ በታች ከሆነ ናይትሮጅን አንሶት ነበር፤ ምርትም ቀርቶባችኋል። ከ13 በመቶ በላይ ሆኖ ፍሬው ከቀለለና ከተጨማደደ ደግሞ ናይትሮጅኑ ከውሃው በልጧል። ውጤቱን ከዓመቱ የዝናብ መጠንና ከጨመራችሁት ማዳበሪያ ጋር በአንድ ደብተር ላይ በየማሳው ጻፉት። ለሚቀጥለው ዘር መጠን ስታወጡ የ70 በመቶውን ግምት በራሳችሁ ማሳ ቁጥር መተካት የምትችሉት በዚህ ነው።